ፋይሉ አለ፣ ሎደሩ ግን «የለም» ይላል፦ የጋራ ላይብረሪ ስህተቶች ከየት ይመጣሉ?

ሴንትኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ድጋፉ ያበቃው እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 ነው። ብዙ የምርምር ክላስተሮች (በአንድነት የሚያሰሉ የኮምፒውተሮች ስብስቦች) ለዓመታት ሲሠሩበት ስለቆዩ፣ ወደ አዳዲስ ሥርጭቶች የሚደረገው ሽግግር አንድ የቆየ ራስ ምታት እንደገና ቀስቅሷል። ትናንት ያለ እንከን ሲያሰላ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ገና ከመነሳቱ አንድ መስመር ጽፎ ያቆማል፦ «የጋራ ላይብረሪዎችን በማንሳት ላይ ስህተት፤ ሊብጂኤስኤል.ኤስኦ.25 ሊከፈት አልቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም»።

ግራ የሚያጋባው ተጠቃሚው ፋይሉን ሲፈልገው ብዙ ጊዜ ማግኘቱ ነው። ዲስኩ ላይ ተቀምጧል፣ ስሙም ልክ ነው። ከዚያ የሚሰጠው ምክር ከሦስት አያልፍም። አንዱ ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን፣ ሌላው ከአንድ ቦታ የተቀዳ የ«ኤክስፖርት» መስመር፣ ማለትም የፍለጋ ቦታን የሚያስቀምጥ ትዕዛዝ፣ መለጠፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ የጎደለውን ስም የያዘ አቋራጭ ፈጥሮ ወደ ሌላ ፋይል ማመልከት ነው። ሦስቱም አንዳንዴ ይሠራሉ። ለምን እንደሠሩ ግን አይታወቅም፤ በስሌት ሥራ ላይ ደግሞ «ተነሳ» እና «በትክክል አሰላ» በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው።

መጫን እና ማንሳት

የግራ መጋባቱ አንድ ክፍል ከቋንቋችን ይመጣል። ሶፍትዌርን ዲስክ ላይ ማስቀመጥም፣ ፕሮግራም ሲነሳ ኮዱን ወደ ማህደረ ትውስታ ማስገባትም በአማርኛ «መጫን» ይባላሉ። እነዚህ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ አካል የሚከናወኑ ሁለት ድርጊቶች ናቸው። ከላይ ያለው ስህተት የሚመጣው መጀመሪያው በሰላም ካለቀ በኋላ በሁለተኛው ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን መጫን፣ ሁለተኛውን ማንሳት እንላለን።

ላይብረሪ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሯቸው ዝግጁ ተግባራት ስብስብ ነው፤ ማትሪክስ የሚያባዛ፣ የፎሪየር ለውጥ የሚሠራ፣ ግዙፍ የዳታ ፋይል የሚያነብ። ፕሮግራም ከላይብረሪ ጋር በሁለት መንገድ ይገናኛል። በአንደኛው፣ ስታቲክ በሚባለው፣ የላይብረሪው ኮድ ተቀድቶ ፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ ይገባል። በሁለተኛው ፕሮግራሙ የሚይዘው የላይብረሪውን ስም ብቻ ነው፤ ኮዱ የሚመጣው ፕሮግራሙ በሚነሳበት ቅጽበት ከሌላ ፋይል ነው። የጋራ ላይብረሪ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። በሊኑክስ የፋይሉ ስም «.ኤስኦ» የሚል ጭራ ይኖረዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ቅጂ ለብዙ ፕሮግራሞች ይበቃል፣ የደኅንነት ክፍተት ሲገኝም አንዱን ፋይል ማደስ ሁሉንም ያድናል። በምላሹ ፕሮግራሙና ላይብረሪው በየፊናቸው ይለወጣሉ፤ የሚገናኙት በመጨረሻዋ ሰዓት ብቻ ነው።

በዚያች ሰዓት ስሙን ወደ ፋይል የሚቀይረው አካል ዳይናሚክ ሊንከር፣ ባጭሩ ሎደር ይባላል። (አፈር የሚዝቀውን ማሽን ለጊዜው እንርሳው።) የፕሮግራሙ የራሱ ኮድ አንዲት መስመር ሳትሠራ ሎደሩ ቀድሞ ሥራውን ይጀምራል፣ የተጠየቁትን ስሞች በዝርዝር ያነባል፣ አንድ በአንድ ይፈልጋል። አንዱን ካጣ ፕሮግራሙ አይነሳም። እንግዲህ «የለም» የሚለው መልስ «ፈልግ በተባልኩባቸው ቦታዎች የለም» ማለት ብቻ ነው። የጠፋው ስም ተጠቃሚው ሰምቶት የማያውቀው ሊሆንም ይችላል፤ የላይብረሪው ላይብረሪ የሚፈልገው ሌላ ላይብረሪ ይኖራልና።

ኮምፓይል ሲደረግ ተገኝቶ የነበረው አሁን የት ሄደ?

በጣም ተደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ፍለጋው የሚደረገው ሦስት ጊዜ መሆኑ ላይ ነው፤ በየጊዜው የሚፈልገው አካልም፣ የሚፈለግበት ቦታም ይለያያል። ኮምፓይለሩ (የምንጭ ኮዱን ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው) የሚፈልገው ሄደር የሚባሉትን የማብራሪያ ፋይሎች ነው። ቀጥሎ ሊንከሩ (ፕሮግራሙን የሚያገጣጥመው መሣሪያ፤ ከሎደሩ የተለየ ነው) ላይብረሪውን ራሱን ይፈልጋል፤ ስሙና ተግባራቱ መኖራቸውን አረጋግጦ ስሙን ብቻ ፕሮግራሙ ላይ ይመዘግባል። ያገኘበትን ፎልደር፣ ካልታዘዘ በቀር፣ አይመዘግብም። ፕሮግራሙ ሲነሳ ሎደሩ ያለ ምንም ትዝታ ፍለጋውን ከባዶ ይጀምራል።

በሊንከሩ ደረጃ የሚወጣው ስህተት ስለዚህ ሌላ በሽታ ነው። ሊንከሩ የሚፈልገው ቁጥር የሌለውን ባዶ «.ኤስኦ» ስም ነው፤ ይህ ስም ደግሞ በዴቢያን ቤተሰብ (ኡቡንቱን ጨምሮ) «ዴቭ»፣ በሬድ ሃት ቤተሰብ (ሴንትኦኤስን ጨምሮ) «ዴቬል» የሚል ቅጥያ ባለው ፓኬጅ ውስጥ ለብቻው ይመጣል። ያንን ፓኬጅ መጫን የሊንከሩን ቅሬታ ይፈታል፤ የሎደሩን ግን በቀጥታ የሚመለከተው አይደለም።

ሲሜክ የተባለውን የግንባታ መሣሪያ የሚጠቀሙትን የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው። ፕሮግራሙ በተገነባበት ፎልደር ውስጥ ይሠራል፣ «ሜክ ኢንስቶል» ተብሎ ወደ ቋሚ ቦታው ከተዛወረ በኋላ አይነሳም። ሲሜክ በግንባታ ወቅት የላይብረሪዎቹን መንገድ (የፎልደር አድራሻ) ፕሮግራሙ ውስጥ ይጽፋል፣ በመጫን ጊዜ ግን በግልጽ ካልተነገረው ያንን ጽሑፍ ያጠፋዋል። ሆን ተብሎ የተወሰነ ነው፤ በሰነዱም ላይ ሰፍሯል። ሰነዱን የሚያነበው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ችግሩ የደረሰበት ነው።

የፍለጋው ቅደም ተከተል

የሊኑክስ ሎደር ቅደም ተከተል በደንብ የተደነገገ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ «አርፓዝ» የሚባል የመንገድ ጽሑፍ ካለ፣ እና «ራንፓዝ» የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከሌለ፣ መጀመሪያ እዚያ ያያል። ቀጥሎ ኤልዲ-ላይብረሪ-ፓዝ የተባለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል፣ ማለትም ተጠቃሚው በተርሚናሉ የሚያስቀምጠውን የፎልደሮች ዝርዝር ይመለከታል። ከዚያ ራንፓዝ ይመጣል። ከራንፓዝ በኋላ ሎደሩ አስቀድሞ የተዘጋጀውን የካሽ ፋይል፣ በመጨረሻም ነባሪዎቹን የሲስተም ፎልደሮች ያያል። የላይብረሪው ስም ራሱ እዝባር (/) ካለው ይህ ሁሉ ፍለጋ ይቀራል፤ ስሙ እንደ ቀጥተኛ አድራሻ ይወሰዳል።

አርፓዝ እና ራንፓዝ ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው ግን ሰዓታት ያስበላል። አርፓዝ የተጠቃሚውን ቫሪያብል ያሸንፋል፣ ራንፓዝ ይሸነፍለታል። ከዚህ የሚከፋው ራንፓዝ ለልጅ እንጂ ለልጅ ልጅ አይሠራም። ፕሮግራሙ በቀጥታ የሚጠራውን ላይብረሪ ያስገኛል፤ ያ ላይብረሪ በተራው የሚጠራውን ግን አይመለከትም። አርፓዝ ይመለከታል። በኡቡንቱ እና መሰሎቹ ሊንከሩ በነባሪ የሚጽፈው ራንፓዝን ስለሆነ፣ በቆየ መመሪያ መሠረት «አርፓዝ ጻፍኩ» የሚል ሰው የጻፈው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ካሹም የራሱ ወጥመድ አለው። ሎደሩ የሲስተም ፎልደሮችን በየጊዜው ከማሰስ ይልቅ «ኤልዲኮንፊግ» የተባለው ትዕዛዝ ያዘጋጀለትን ዝርዝር ያነባል። አዲስ ላይብረሪ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ ተቀምጦ ያ ትዕዛዝ ካልተካሄደ ዝርዝሩ አያውቀውም። በዴቢያን ቤተሰብ ይህ ፎልደር ከሚታሰሱት ውስጥ ነው፤ በሬድ ሃት ቤተሰብ ግን በነባሪ የለበትም። በመሆኑም አንድ ዓይነት የአጫጫን መመሪያ በአንዱ ማሽን ይሳካል፣ በሌላው ይከሽፋል። በሬድ ሃት ቤተሰብ ባለ 64 ቢት ላይብረሪዎች «ሊብ64» በሚባል ፎልደር መቀመጣቸውም አለ፤ ተጠቃሚው «ሊብ» ብሎ የጻፈው መንገድ በሁለት አሃዝ ጉድለት ባዶ ፎልደር ያሳያል።

በስሙ መጨረሻ ያለው ቁጥር

ሊብጂኤስኤል.ኤስኦ.25 ውስጥ ያለው 25 የሶፍትዌሩ ቨርዥን አይደለም። «ኤስኦኔም» የሚባል የተኳኋኝነት ቃል ኪዳን ነው። ጂኤስኤል በተባለው የሳይንሳዊ ስሌት ላይብረሪ የ2.5 ቁጥር 23 ነበር፣ የ2.6 ደግሞ 25። የላይብረሪው አዘጋጆች ተግባር ሲያስወግዱ ወይም የዳታ አቀማመጥ ሲለውጡ ቁጥሩን ያሳድጋሉ፤ «ለቀድሞው የተሠራ ፕሮግራም ከዚህኛው ጋር አይሂድ» ማለታቸው ነው። 25 የሚል አቋራጭ ፈጥሮ ወደ 23 ማመልከት ይህን ማስጠንቀቂያ በእጅ መሰረዝ ነው። ፕሮግራሙ ይነሳ ይሆናል። የተለወጠው ክፍል ላይ ሲደርስ ሊወድቅ ይችላል፤ የተለወጠው የአንድ ተለዋዋጭ መጠን ወይም ቦታ ከሆነ ደግሞ ሳይወድቅ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል።

ሌላው መልእክት «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» የሚለው ነው። ጂሊብሲ የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ ነው፤ 2.34 የወጣው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ የመንገድ ችግር አይደለም። ጂሊብሲ ወደ ኋላ ታማኝ ነው፤ በድሮው ላይ የተሠራ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ይሠራል። የተገላቢጦሹ አይሆንም። ሴንትኦኤስ 7 የያዘው 2.17 ስለሆነ በአዲስ ማሽን የተገነባ ፕሮግራም እዚያ ሲወሰድ ይህን መልስ ያገኛል። መፍትሔው በድሮው ማሽን ላይ እንደገና መገንባት ወይም ማሽኑን ማሻሻል ነው። አዲስ ጂሊብሲ አውርዶ በቫሪያብል ማመልከት ግን ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሎደሩና ጂሊብሲ የአንድ ቨርዥን ጥንድ መሆን ስላለባቸው የፎልደር ይዘት የሚዘረዝረው ተራ ትዕዛዝ እንኳ መሥራት ሊያቆም ይችላል።

«ጂሊብሲኤክስኤክስ 3.4.29 አልተገኘም» የሚለው መንታ ወንድም ይመስላል፤ መንስኤው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ይህ ከጂሲሲ 11 ኮምፓይለር ጋር የመጣ የሲ++ ላይብረሪ ምልክት ነው። በአንድ ማሽን ላይ የዚህ ላይብረሪ ሦስት አራት ቅጂ መኖሩ የተለመደ ነው፤ የሲስተሙ፣ ኮንዳ የተባለው የፓኬጅ አስተዳዳሪ ያመጣው፣ በክላስተሩ የሶፍትዌር መምረጫ (ሞጁል) የሚገኘው ኮምፓይለር የያዘው፣ አንዳንዴም ከሌላ ሶፍትዌር ጋር ታሽጎ የመጣው። አዲሱ እያለ አሮጌው ቀድሞ ሲገኝ ስህተቱ ይወጣል። እዚህ ላይ ጥያቄው በእርግጥ የመንገድ ነው፤ የትኛው ቅጂ ቀደመ?

የስሌት ሶፍትዌር ለምን ይበልጥ ይታመማል?

ተራ ፕሮግራም ከሥርጭቱ ፓኬጅ ማከማቻ ይመጣል፤ ሁሉም ላይብረሪ አብሮ ተፈትኗል። የስሌት ሶፍትዌር ግን ለማሽኑ ፕሮሰሰር ተስማምቶ ከምንጭ ኮዱ ይገነባል፣ አስተዳዳሪ ያልሆነ ሰው በራሱ ፎልደር ውስጥ ይጭነዋል፣ በሲ፣ በሲ++ እና በፎርትራን የተጻፉ ክፍሎችን ያጣምራል። የጂሲሲ ፎርትራን ላይብረሪ ቁጥር እስከ ጂሲሲ 6 ድረስ 3፣ በጂሲሲ 7 ብቻ 4፣ ከጂሲሲ 8 ጀምሮ 5 ነው። «ሊብጂፎርትራን.ኤስኦ.4 የለም» የሚል መልእክት ያየ ሰው ፕሮግራሙ በየትኛው ኮምፓይለር እንደተሠራ ወዲያውኑ ያውቃል።

ዝምታ ያለበት ስህተት ግን ከዚህ ይብሳል። ኤምፒአይ ሥራን በብዙ ፕሮሰሰሮች መካከል የሚያካፍል መስፈርት ነው። በሰፊው ከሚታወቁት ሁለት አተገባበሮች ኦፕን ኤምፒአይ «ሊብኤምፒአይ.ኤስኦ.40»ን፣ ኤምፒች ደግሞ «ሊብኤምፒአይ.ኤስኦ.12»ን ይዘው ይመጣሉ፤ በውስጣቸው አይግባቡም። ፕሮግራሙ የአንዱን ላይብረሪ አንስቶ በሌላው የማስነሻ ትዕዛዝ ከተነሳ ብዙ ጊዜ ምንም ስህተት አይታይም። እያንዳንዱ ቅጂ ራሱን ብቸኛ አድርጎ ይቆጥራል፤ 64 ቦታ መካፈል የነበረበት ስሌት 64 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይደገማል። ተጠቃሚው የሚያየው «ክላስተሩ ቀርፋፋ ነው» የሚል ውጤት ነው።

የማትሪክስ ስሌት ላይብረሪዎችም እንዲሁ ናቸው። ኦፕንብላስ እና የኢንቴል ኤምኬኤል አንድ ዓይነት የተግባር ስሞችን ያቀርባሉ፤ መተካካት እንዲቻል ታስቦ የተደረገ ነው። ነገር ግን አንዱ ግንባታ ኢንቲጀርን በ32 ቢት፣ ሌላው በ64 ቢት ሊቀበል ይችላል። ስሙ አንድ ስለሆነ ሎደሩ ልዩነቱን አያይም። ኤችዲኤፍ5 የተባለው የዳታ ላይብረሪ በዚህ ረገድ ምስጋና ይገባዋል፤ የተገነባበት ሄደርና የተነሳው ላይብረሪ ቨርዥን ካልገጠመ በራሱ ፈቃድ ፕሮግራሙን ያቆመዋል። ብዙዎች ይህን እንደ ችግር ይቆጥሩታል፤ ይህ ጸሐፊ ግን ሌሎቹም እንዲህ ቢያደርጉ ይመርጣል።

የቫሪያብሉ ክርክር

ኤልዲ-ላይብረሪ-ፓዝን መጠቀም ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው የቆየ ሙግት ነው። የሚደግፉት ሰዎች የአስተዳዳሪ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ፋይል አይነካም፣ ተርሚናሉ ሲዘጋ ይጠፋል ይላሉ። ልክ ናቸው። በክላስተሮች ላይ «ሞጁል ሎድ» ተብሎ ሶፍትዌር ሲመረጥ ከበስተጀርባ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ይኸው ቫሪያብል ነው።

የሚቃወሙት ደግሞ ቫሪያብሉ ለአንድ ፕሮግራም ተብሎ ቢቀመጥም ከዚያ ተርሚናል የሚነሳውን ሁሉ እንደሚነካ ያነሳሉ። አንዱን ለማዳን የተጻፈ መስመር ሌላውን ያሳምማል። ተርሚናሉ ሲከፈት በሚነበበው ፋይል ውስጥ ከተቀመጠ ከወራት በኋላ መንስኤውን የሚያስታውሰው የለም። ልዩ የፈቃድ ደረጃ ይዘው የሚነሱ ፕሮግራሞች ላይ ሎደሩ ራሱ አይቀበለውም፤ ትዕዛዝን በአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚያስነሳው «ሱዱ»ም በጉዞው ላይ ያራግፈዋል። አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገርም አለ። ቀድሞ ባዶ የነበረ ቫሪያብል ላይ በተለመደው መንገድ አዲስ ፎልደር ሲጨመር መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ያላት ሁለት ነጥብ ትቀራለች፤ ሎደሩ ያንን ባዶ ቦታ «ተጠቃሚው አሁን ያለበት ፎልደር» ብሎ ይረዳዋል። የማይታመን ፋይል ያለበት ፎልደር ውስጥ ሆኖ ትዕዛዝ ለሚሰጥ ሰው ይህ የደኅንነት ቀዳዳ ነው።

መንገዱን ፕሮግራሙ ውስጥ መጻፍ ሌላው አማራጭ ነው፤ በዚህም ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። ዴቢያን በሲስተም ፓኬጆች ውስጥ አርፓዝ እንዳይጻፍ ያሳስባል፤ የሲስተም ላይብረሪ አንድ ቦታ ታድሶ ሁሉም እንዲጠቀም ይፈልጋልና። በሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ የተጀመረው ስፓክ የተባለ የፓኬጅ አስተዳዳሪ ግን በነባሪ ይጽፈዋል፤ የአንድ ላይብረሪ አምስት ቨርዥኖች ጎን ለጎን እንዲኖሩ ይፈልጋልና። ሁለቱም ለየዓላማቸው ልክ ናቸው። በራሱ ፎልደር ለሚገነባ ተመራማሪ የሚያዋጣው ብዙውን ጊዜ የስፓክ አካሄድ ነው፤ ፎልደሩ ሲዛወር መንገዱ እንዳይሰበር «ኦሪጂን» በሚባለው ምልክት ከፕሮግራሙ ቦታ አንጻር መጻፍ ይቻላል። ያለቀ ፕሮግራምንም «ፓችኤልፍ» በተባለ መሣሪያ ማረም ይቻላል።

ምርመራ ከመድኃኒት በፊት

ሎደሩን መጠየቅ ከመገመት ይቀላል። «ኤልዲዲ» የሚባለው ትዕዛዝ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ከተገኙበት ፋይል ጋር ይዘረዝራል፤ የጎደለው አጠገብ «አልተገኘም» ይላል። ከማይታመን ምንጭ በመጣ ፋይል ላይ ግን መካሄድ የለበትም፤ አንዳንዴ ፋይሉን በከፊል ሊያስነሳው ይችላል። እዚያ ላይ «ሪድኤልፍ» ይሻላል፤ ፕሮግራሙን ሳያስነሳ የተመዘገቡትን ስሞች፣ አርፓዙን ወይም ራንፓዙን ያነባል። ሁሉም ካልበቃ ኤልዲ-ዲበግ የተባለውን ቫሪያብል «ሊብስ» ብሎ ፕሮግራሙን ማስነሳት ነው። ሎደሩ የሞከረውን እያንዳንዱን ፎልደር በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ የትኛው ቅጂ ለምን እንደቀደመ የሚታየው እዚህ ነው።

ፓይተን ላይ «ኢምፖርት» ሲከሽፍ መመርመር ያለበት የፓይተን ፕሮግራሙ ሳይሆን በፓኬጁ ውስጥ ያለው የ«.ኤስኦ» ፋይል ነው። በክላስተር ላይ ደግሞ ምርመራው ሥራው በሚካሄድበት ማሽን ላይ ይደረግ። ተጠቃሚው የሚገባበት ማሽንና ስሌቱ የሚሠራበት ማሽን አንድ ዓይነት የሲስተም ላይብረሪ ላይኖራቸው ይችላል። ጂፒዩ በሌለው መግቢያ ማሽን ላይ «ሊብኩዳ.ኤስኦ.1 የለም» ቢባል ጉድለት ላይሆን ይችላል፤ ያ ፋይል የሚመጣው ከኩዳ (የኤንቪዲያ የጂፒዩ ስሌት መድረክ) የግንባታ ጥቅል ሳይሆን ከኤንቪዲያ ድራይቨር ጋር ነው።

ማክ እና ዊንዶውስ መርሁ አንድ ሆኖ ልማዳቸው ይለያል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 ያስገባው የሲስተም ጥበቃ የተጠበቁ ፕሮግራሞች ሲነሱ የላይብረሪ መንገድ ቫሪያብሎችን ያራግፋል፤ ለሊኑክስ የተጻፈ ምክር እዚያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከንቱ ይሆናል። በዊንዶውስ ደግሞ ፓይተን 3.8 ከወጣ በኋላ የፓኬጆች ዲኤልኤል (የዊንዶውስ የጋራ ላይብረሪ) ጥገኞች በ«ፓዝ» ቫሪያብል አይፈለጉም፤ ፎልደሩ በግልጽ መጨመር አለበት።

ኮንቴይነር ያድናል?

ጂሊብሲውን ጨምሮ ላይብረሪዎቹን ሁሉ በአንድ ጥቅል ይዞ መሄድ፣ ለምሳሌ በአፕቴይነር በተባለው የኮንቴይነር መሣሪያ፣ ከላይ የተነሳውን አብዛኛውን ችግር ያስወግዳል። ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ግን የማሽኑ ነው። የጂፒዩ ድራይቨር ላይብረሪዎችና በክላስተሩ ፈጣን መረብ ላይ የተስማማው ኤምፒአይ ከውጭ ወደ ኮንቴይነሩ መግባት አለባቸው። በዚያ በር ላይ የድሮው ጥያቄ ይመለሳል። ከውጭ የገባው ላይብረሪ ኮንቴይነሩ ከያዘው የበለጠ አዲስ ጂሊብሲ ከጠየቀ መልእክቱ ቃል በቃል ያው ነው።

የኤምፒአይን ወገን በተመለከተ ለውጥ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀው ኤምፒአይ 5.0 ለመጀመሪያ ጊዜ አተገባበሮች በኮምፓይል ደረጃ ብቻ ሳይሆን በተገነባ ፋይል ደረጃም የሚግባቡበትን መስፈርት ይዟል። በዚህ መስፈርት የተገነባ ፕሮግራም ኮንቴይነር ውስጥ ሆኖ በየክላስተሩ የሚያገኘውን ማንኛውንም ተስማሚ ኤምፒአይ ማንሳት ይችላል። እስከዚያው ግን በ12 እና በ40 ተመዝግበው የተገነቡት ፕሮግራሞች እንደገና እስኪገነቡ ድረስ የሚጠይቁት ያንኑ ቁጥራቸውን ነው።